ከካዛንቺስ ያወጣሁት ሞኒተር

ቴሌቪዥንና ሞኒተር አንድ ነገር የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። አይፈረድበትም። ከሩቅ ሲታዩ ሁለቱም ያው ሳጥን ናቸው። ሞኒተር ግን አንቴና አይሰካበትም። ቻናል የለውም፣ ሪሞት አያውቅም። ሥራው አንድ ነው፤ የተሰጠውን ምስል ሳይጨምር ሳይቀንስ ማሳየት። የቤት ቴሌቪዥን የሚሠራው ሰው እንዲደሰት ነው። ቀለሙን ያደምቅላችኋል፤ የምስሉን ጠርዝ ደብቆ መሃሉን ያሳያችኋል። ሞኒተር እንዲህ ያለ ይሉኝታ የለውም። ካሜራማኑ ካበላሸ፣ እንደተበላሸ ያሳያል።

የቴሌቪዥን ጣቢያዎች ለዚህ ዕቃ ከተራ ቴሌቪዥን አብልጠው ይከፍሉ የነበረው ለዚህ ነው። እዚህ አገር እንደ ልብ የማይገኘውም ለዚህ ነው። የሶኒ የቤት ቴሌቪዥን በየጓዳው ሞልቷል። ፒቪኤም የሚባለው የባለሙያ ሞኒተር ግን የነበረው በጣት በሚቆጠሩ ስቱዲዮዎች፣ በአንዳንድ ሆስፒታሎች እና ደህና ገንዘብ በነበራቸው ቪዲዮ ቤቶች ነው። አውሮፓና አሜሪካ ጣቢያዎቹ ወደ ጠፍጣፋ ስክሪን ሲሻገሩ ብዙውን ወደ ቆሻሻ ጣሉት። በኋላ የድሮ ጌም ወዳጆች ደረሱበትና ዋጋውን ሰቀሉት። እኛ ጋ የጣለውም የሰቀለውም የለም። ቁራሌው በኪሎ ወሰደው።

እኔ የምፈልገው ለጌም አይደለም። ቤት ውስጥ ካርቶን ሙሉ የቪኤችኤስ ካሴት አለኝ። የቤተሰብ ሰርግ፣ ክርስትና፣ ምርቃት፣ አንዳንዱም የሰው አደራ። ካሴቶቹ ሳይበላሹ ወደ ኮምፒውተር ልገለብጣቸው ነው። ስገለብጥ ደግሞ ካሴቱ ላይ በእርግጥ ምን እንዳለ የሚያሳየኝ ስክሪን ያስፈልገኛል። የኮምፒውተሩ ስክሪን ለዚህ አይሆንም። እሱ የሚያሳየኝ የራሱን ትርጉም ነው።

በ2017 መግቢያ ላይ ካዛንቺስ ሲነሳ የወንድሜ ጓደኛ ደወለልኝ። "አንድ የድሮ ቪዲዮ ቤት ዕቃ እያወጣ ነው። አንተ የምትወደው ዓይነት ኮተት አለ" አለኝ። ያን ሰሞን ካዛንቺስ ምን ትመስል እንደነበር ያየ ያውቃል። ቆርቆሮ ተነቅሎ፣ በር ተገንጥሎ፣ ፍራሽና ምጣድ አስፋልት ዳር ተደርድሮ። ቪዲዮ ቤቱ ሲሚንቶ ወለል ያላት አንዲት ክፍል ነበረች። ባለቤቱ ሸምገል ያሉ ሰው ናቸው። በ80ዎቹ የካዛንቺስን ግማሽ ሰርግ የቀረጹት እሳቸው እንደሆኑ ነገሩኝ። ካሜራቸውን አስቀድመው ወደ ልጃቸው ቤት ልከዋል። የቀረው ጠረጴዛ፣ የተሰበረ ስታንድ፣ የገመድ ክምር። ጥጉ ላይ በአሮጌ ጋቢ የተሸፈነ ሳጥን አለ።

ጋቢውን ገለጥኩ። ጥቁር ግራጫ ብረት፣ ከስክሪኑ ስር የተደረደሩ ትናንሽ ቁልፎች። ሶኒ ፒቪኤም 2042 ኪውኤም። በባለቤቱ ፊት ብዙም እንዳልገረመኝ መሆን ነበረብኝ፤ ገበያ ነውና። የቻልኩ አይመስለኝም።

"ይሠራል ጋሼ?"

"ሲቀመጥ ይሠራ ነበር" አሉኝ። መቼ እንደተቀመጠ ስጠይቃቸው ፈገግ አሉ። "ዲጂታል ሲመጣ ነዋ።"

መብራት ከሰፈሩ ተቆርጧል። ሰክቼ ላየው አልችልም። ቁራሌው በማግስቱ ይመጣል። እሱ የሚፈልገው ውስጡ ያለውን መዳብ ነው። የመስታወቱን አንገት በመዶሻ ይሰብርና የመዳቡን ጥቅልል ያወጣል፤ መስታወቱን እዚያው ይጥለዋል። ስለዚህ ሳልሰካው ልወስን የግድ ሆነ።

እንዲህ ያለ ዕቃ ሲገዛ መታየት ያለበት ፒክቸር ቲዩቡ ነው፤ ምስሉ የሚወጣበት አየር የሌለው ትልቅ መስታወት። ሌላው ሁሉ ይተካል። ካፓሲተር ይገኛል፣ ትራንዚስተር ይገኛል፣ ማብሪያው ባይገኝ ሌላ ይሠራለታል። ቲዩብ ግን ዛሬ ለዚህ ዕቃ የሚያመርት ፋብሪካ የለም። ቲዩቡ ካለቀ ሌላው ቢያብረቀርቅም ዋጋ የለውም። ቲዩቡ ደህና ከሆነ ደግሞ ሌላው ተቃጥሎ ቢያገኙትም መግዛት ነው። እኔ እዚህ ላይ ድርድር የለኝም።

ካቻቢቴና ቴስተር ሁልጊዜ ቦርሳዬ ውስጥ አሉ። የጋሼን ፈቃድ ጠይቄ የጀርባውን ብሎን ፈታሁ። በስልኬ መብራት መጀመሪያ አንገቱን አየሁ። አንገት የምንለው ከኋላ ያለውን ቀጭን የመስታወት ዘንግ ነው። እዚያ ላይ የፀጉር ያህል ስንጥቅ ካለ አየር ገብቷል፤ አየር ከገባ ደግሞ የያዛችሁት ትልቅ ጠርሙስ ነው። ስንጥቅ የለም። ቀጥሎ አንገቱ ላይ የተሰካችውን ትንሽ ቦርድ ቀስ ብዬ ነቅዬ፣ የማሞቂያውን ሽቦ ሁለት እግሮች በቴስተር ለካሁ። ጥቂት ኦም አሳየ። ሽቦው አልተቆረጠም ማለት ነው። ጨረሩን የሚያወጡት ካቶዶች ምን ያህል ጉልበት እንደቀራቸው ግን ቴስተር አይናገርም። ያ ሳይሰካ አይታወቅም።

ከዚያ ወደ ፊት ዞሬ ስክሪኑን በጎን አበራሁት። መብራቱን ቀጥ አድርጋችሁ ከያዛችሁ ምንም አታዩም፤ ጋደል አድርጋችሁ ስታበሩ ነው የሚወጣው። ከታች በስተቀኝ፣ ግራጫው ላይ ደብዘዝ ያለ ጠቆር ያለ ጥላ አለ። ጠጋ ብዬ አየሁት። ቁጥር ነው። ዜሮ ዜሮ፣ ሁለት ነጥብ፣ ዜሮ ዜሮ፣ ሁለት ነጥብ። የካሴት ማጫወቻው ሰዓት ቆጣሪ ለዓመታት አንድ ቦታ ላይ ቆሞ ፎስፈሩን፣ ጨረር ሲነካው የሚያበራውን የስክሪኑን ቅብ፣ በልቶታል። የሰዓቱና የደቂቃው ዜሮዎች ጥርት ብለው ይነበባሉ። የሰከንዱ ቦታ ላይ ያለው እንደ ጭጋግ ነው፤ እሱ ሲለዋወጥ ስለኖረ አንድ ቅርጽ አልያዘም።

ይህ መጥፎም ጥሩም ዜና ነው። መጥፎው፣ ሞኒተሩ ብዙ ሠርቷል። ጥሩው፣ ጥላው ቀላል ነው። ቲዩቡን አቃጥለው የተጠቀሙበት ሰዎች ብርሃኑን ጣሪያ ያስነኩታል፤ ያኔ የሚቀረው ጠባሳ መብራት ሳያስፈልገው ከበር ይታያል። ጋሼ ብርሃኑን ዝቅ አድርገው ነው የሠሩበት። ስጠይቃቸውም "ዓይኔን ስለሚያመኝ" አሉኝ። ለዓይናቸው ብለው ቲዩቡን አተረፉልኝ።

ዋጋው ላይ ብዙ አልተጨቃጨቅንም። ቁራሌው ከተመነላቸው እጥፍ ሰጠኋቸው። ገመዶቹን መርቀውልኝ፣ "ወስደህ ግን እንዳትሸጠው" አሉኝ።

ባለ 20 ኢንች ቲዩብ ሞኒተር የተሸከመ ሰው ክብደቱ ከፊት በኩል መሆኑን ያውቃል። መስታወቱ ፊት ላይ ወፍራም ነው። ስለዚህ ስክሪኑን ወደ ደረት አድርጎ ነው መያዝ። ሁለት ጎበዞች አግዘውኝ እስከ ላዳው አደረስነው። የኋላ ወንበር ላይ ፍራሽ አንጥፈን ፊቱን ወደ ታች አስተኛነው። ባለ ላዳው ዞር ብሎ አየና "ይሄ ነገር ታቦት ነው እንዴ?" አለኝ። ባለቤቴ በር ላይ ስትቀበለኝ ያለችውን እዚህ አልጽፈውም።

*

ጥገና የተማርኩት ድሮ ፒያሳ አካባቢ በነበረች አንዲት ሬድዮ ጥገና ቤት ነው። አለቃዬ ሁለት ነገር አስምረውብኛል። አንደኛው፣ የተከፈተ ቴሌቪዥን ላይ ስትሠራ ግራ እጅህን ኪስህ ውስጥ ክተት። ኤሌክትሪክ በአንድ እጅ ገብቶ በሌላው ሲወጣ ልብን ያቋርጣልና። ሁለተኛው፣ ተነቅሏል ብለህ ቲዩብ አትመን። ቲዩቡ በራሱ ትልቅ ካፓሲተር፣ ማለትም ኤሌክትሪክ አጠራቅሞ የሚይዝ ዕቃ ነው። ሲሠራ ፍላይባክ ከሚባለው ከፍተኛ ቮልቴጅ ሰጪ ትራንስፎርመር ወደ 25 ሺህ ቮልት ይገባበታል፤ መስታወቱ ከውስጥም ከውጭም ኤሌክትሪክ በሚያስተላልፍ ጥቁር ቅብ ስለተለበጠ ቻርጁን ይዞ ሊቀመጥ ይችላል። ስለዚህ እጄ ወደ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ጠፍጣፋ ካቻቢቴ በሽቦ ከቲዩቡ የመሬት መስመር ጋር አስሬ፣ ከላስቲክ ቆቡ ስር አሾልኬ ነካሁት። ምንም አላለም። ይህን ያህል ዓመት ተቀምጦ ቻርጅ ይኖረዋል ብዬም አልነበረም፤ አለቃዬ ቢያዩኝ ብዬ ነው።

ውስጡን ምን ልበላችሁ። ከፍተኛ ቮልቴጅ አቧራ ይስባል፤ የካዛንቺስ አቧራ ደግሞ የታወቀ ነው። ፍላይባኩ ዙሪያ እንደ ሱፍ ተጋግሯል። በረሮ ሞቃት ቦታ ይወዳል፤ ፓወር ሰፕላዩ ስር ትውልድ አፍርቶ ሄዷል። በቀለም ብሩሽ ጠርጌ፣ በንፋስ መንፊያ ነፍቼ፣ የቀረውን በአልኮል አበስኩ። የበረሮ ኩስ ቀልድ አይደለም። እርጥበት ሲያገኝ የቦርዱን መዳብ ይበላል።

ከዚያ ማብራት። ቀጥታ ግድግዳ ላይ አልሰካሁትም። 100 ዋት የድሮ አምፖል በመስመሩ ላይ በተከታታይ አስገባሁ። ሞኒተሩ ውስጥ ሾርት ካለ አምፖሉ ቦግ ብሎ ይቀራል፤ ሞኒተሩም አይቃጠልም። ከሌለ ቦግ ብሎ ይደበዝዛል። ደበዘዘ። አምፖሉን አውጥቼ በስታቢላይዘር ሰካሁት። የኛን መብራት የሚያውቅ ሰው ይህን ያህል ዘመን የቆየ ፓወር ሰፕላይ ያለ ስታቢላይዘር አይሰካም።

ስክሪኑ ላይ ያ ስስ "ሽሽሽ" የሚል ድምፅ መጣ። ክንዴ ላይ ያለው ፀጉር ቆመ። ከዚያ ምንም። ጥቁር ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ተስፋ ቆርጦ ይነቅላል። ይህ ዓይነት ሞኒተር ግን ሲነሳ የሦስቱን ካቶዶች ጅረት ራሱ እየለካ ያመጣጥናል፤ ያረጀ ቲዩብ ሲሆን መዘግየቱ ያለ ነው። አንገቱን አየሁ። ብርቱካናማ ፍም አለ። ጠበቅኩ። ቀስ እያለ ግራጫ ብርሃን መጣ። በዲቪዲ ማጫወቻ የቀለም ባር፣ ባለ ቀለም ዓምዶች የሙከራ ምስል፣ ሰጠሁት።

መጣ! ቀለሙ አለ። ግን ችግሩም ተሰልፎ መጣ።

የምስሉ አናት ወደ ታች ታጥፏል፤ ነጠላ ጫፉ ላይ እንደሚታጠፈው። ቀኝ ላይኛው ጥግ ወይን ጠጅ ነው። ቀዩ ደግሞ ይመጣል ይሄዳል። ሲሄድ ምስሉ ሁሉ የባሕር ውኃ ይመስላል።

ቀዩን አስቀደምኩ። የሚመጣና የሚሄድ ነገር አብዛኛውን ጊዜ የላላ ብየዳ ነው። የደረቀ መፋቂያ ወስጄ የአንገቱን ቦርድ ጠቅ ጠቅ አደረግኩ። መፋቂያ ለዚህ ሥራ አንደኛ ነው፤ ደረቅ እንጨት ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም፤ ጫፉም ቀጭን ነው። አንዱ ትራንዚስተር እግር ጋ ስደርስ ቀዩ ብልጭ ድርግም አለ። ነቅዬ፣ ቻርጁን አውጥቼ፣ ቦርዱን በአጉሊ መነጽር አየሁት። እግሩ ዙሪያ ክብ ስንጥቅ አለ፤ ቀለበት ይመስላል። ትራንዚስተሩ ይሞቃል፣ ይቀዘቅዛል፤ ብየዳው በዓመታት ብዛት እንዲህ ይሰነጠቃል። አሮጌውን እርሳስ አንስቼ በአዲስ በየድኩት። አረንጓዴውና ሰማያዊው ላይ ያሉትንም እዚያው አደስኳቸው። ዛሬ ባይላሉ ነገ ይላላሉ።

የታጠፈው አናት የካፓሲተር ነገር ነው። ጨረሩ ከታች ወደ ላይ በፍጥነት የሚመለሰው ጨረሩን ወደ ላይና ወደ ታች በሚነዳው ቨርቲካል አይሲ አጠገብ ያለች አንዲት ካፓሲተር ለቅጽበት ቮልቴጁን ከፍ ስታደርግለት ነው። እሷ ስትደርቅ መመለሻው ይዘገያል፤ ያኔ የምስሉ አናት እላዩ ላይ ይታተማል። 100 ማይክሮፋራድ፣ 35 ቮልት። አጠገቧ ያለው ሂትሲንክ፣ የአይሲው ሙቀት ማስወገጃ ብረት፣ ስትፈላ አኑሯታል። ስነቅላት ስሯ ላይ ቡናማ ቅባት አለ፤ የዓሣ ዓይነት ሽታ ይሸታል። ይህን ሽታ ጥገና ላይ የኖረ ሰው አይስተውም።

ካፓሲተር አዲስ አበባ ውስጥ ሞልቷል። ጥያቄው ምን ዓይነት የሚለው ነው። ከአንድ ሱቅ የገዛሁትን ጠርጥሬ ቀፎውን በፒንሳ ገፈፍኩት። ትልቁ ቀፎ ውስጥ ትንሽ ካፓሲተር ተቀምጣለች። ይህ ዓለም አቀፍ ማጭበርበር ነው፤ የኛ ብቻ አይደለም። ቢሆንም ያናድዳል። የእህቴ ልጅ ከዱባይ ስትመጣ ኒቺኮንና ሩቢኮን፣ ሁሉም የ105 ዲግሪ፣ ዝርዝር ጽፌ አስመጣሁ። ሻንጣዋ ተፈትሾ "ይሄ ምንድነው?" ሲሏት "የአጎቴ በሽታ ነው" አለቻቸው አሉ።

ሁሉንም ካፓሲተር ካልቀየርክ አልጠገንክም የሚሉ ሰዎች አሉ። አልስማማም። እያንዳንዱ ንቅል የራሱ አደጋ አለው። የቦርዱ መዳብ አርጅቷል፤ ሙቀት ሲበዛበት ይላጣል። እኔ እያንዳንዷን የካፓሲተርን ድካም በሚያሳይ ኢኤስአር መለኪያ ለክቼ የደከመችውንና ሙቀት አጠገብ ያለችውን ብቻ ነው የቀየርኩት። ፓወር ሰፕላይ ላይ ያሉትን በሙሉ፣ ቨርቲካልና ፍላይባክ አካባቢ ያሉትን። የቀለም ዲኮደሩ ቦርድ ላይ ያሉት ከፋብሪካ እንደወጡ ናቸው። አልነካኋቸውም። የቁልፎቹን ማብሪያዎች ግን ቀየርኩ፤ ከአንዱ መግቢያ ወደ ሌላው ለመቀየር እንደ በር ማንኳኳት ያስፈልግ ነበርና።

ወይን ጠጁ ጥግ ቀላል ነበር። ጋሼ ትልቁን ስፒከር አጠገቡ አስቀምጠው ኖረዋል። ማግኔቱ ቲዩቡ ውስጥ ያለውን ብረት ይዞታል፤ ጨረሩ ደግሞ ተገፍቶ የማይሆን ፎስፈር ላይ ያርፋል። የሞኒተሩ የራሱ ዲጋውስ፣ ማለትም ማግኔት ማጥፊያ፣ ይህን ያህል አልቻለውም። ከወደቀ ቴሌቪዥን የወጣ የዲጋውስ ጥቅልል ነበረኝ። እሱን ከስክሪኑ ፊት እያዞርኩ ቀስ በቀስ ወደ ኋላ እያራቅኩ ሄድኩ። ልጄ ከጀርባዬ ሆና "አባዬ፣ እያጠንከው ነው?" አለችኝ።

አንገቱ ላይ ያሉትን የማግኔት ቀለበቶች ግን አልነካሁም። ሦስቱ ቀለሞች አንድ ነጥብ ላይ እንዲገናኙ ፋብሪካ ላይ ተስተካክለው በቀለም የታሸጉ ናቸው። ግራ ታችኛው ጥግ ላይ ትንሽ ቀይ ጥላ አለ። ይኑር። እሱን ላስተካክል ብዬ መሃሉን የማጣበት ምክንያት የለም።

*

ሲስተካከል ባለቤቴ መጥታ አየችው። "ሁለት መስመር አለው እኮ" አለችኝ። ልክ ናት። ነጭ ምስል ላይ ጠጋ ብሎ ያየ ሰው ሁለት ቀጫጭን አግድም መስመሮች ያያል፤ አንዱ ወደ ላይ፣ አንዱ ወደ ታች። ብልሽት አይደለም፤ ትሪኒትሮን የሚባለው የሶኒ ቲዩብ ፊርማ ነው። በጊዜው የሌሎቹ ፋብሪካዎች ቲዩብ ከስክሪኑ ጀርባ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ብረት ነበረው። የሶኒ መሐንዲሶች ግን ከላይ ወደ ታች የተወጠሩ ቀጫጭን የብረት ክሮች አደረጉ። ብርሃን በደንብ ያሳልፋል፤ ስለዚህ ምስሉ ይደምቃል። ግን ክሮቹ ይንቀጠቀጣሉ። እንዳይንቀጠቀጡ ሁለት ስስ ሽቦ በአግድም ተሻገረባቸው። የሚታየው የነዚያ ጥላ ነው።

የመጀመሪያው ትሪኒትሮን ጃፓን ውስጥ የወጣው በፈረንጆቹ 1968 ነው። ከዚያ በፊት ሶኒ ክሮማትሮን በሚባል ሌላ ቲዩብ ሊከስር ደርሶ ነበር። በ1973 ደግሞ ትሪኒትሮን የአሜሪካኖቹን የኤሚ ሽልማት አገኘ። ለፕሮግራም ሳይሆን ለቲዩብ ኤሚ ሲሰጥ ደስ ይላል።

እኛ አገር ቴሌቪዥን የጀመረው በኛ አቆጣጠር በ1957 ነው፤ ከማዘጋጃ ቤት ሕንፃ፣ በጥቁርና ነጭ። ቀለም የመጣው በ1977፣ የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት ሲከበር ነው። የኛ ሰፈር ያን ቀለም በጥቁርና ነጭ ነበር ያየው። ጣቢያው በቀለም ያስተላልፋል፣ ሳጥኑ ግን ቀለም አያውቅም። የተመረጠው ስልት ፓል ነው፤ 625 መስመር፣ በሰከንድ 50 ፊልድ። አሜሪካ ያሉ ዘመዶች የሚልኩት የሰርግ ካሴት ደግሞ በአሜሪካኖቹ ስልት፣ በኤንቲኤስሲ ነው። ስንቱ እናት ከዋሽንግተን የመጣ የልጇን ሰርግ ካሴት ከታ፣ ያለ ቀለም ሲንከባለል እያየች "ካሴቱ ተበላሽቷል" ብላለች! አልተበላሸም። ማጫወቻውና ቴሌቪዥኑ ቋንቋውን አያውቁም። የጋሼ ሞኒተር ስም መጨረሻ ላይ ያለችው "ኪው" የቆመችው ለዚህ ነው፤ ፓልን፣ ሴካም የሚባለውን የፈረንሳዮቹን ስልት፣ ኤንቲኤስሲን በሁለት ዓይነት ያነባል። ቪዲዮ ቤታቸው ከአሜሪካ የመጣ ካሴት ወደ ፓል በመገልበጥ ይታወቅ እንደነበር በኋላ ነገሩኝ።

ቀለሙን ያስተካከልኩት ማታ ነው፤ መጋረጃ ዘግቼ፣ አምፖል አጥፍቼ። በዓይን "ጥሩ ይመስላል" ብሎ ማስተካከል አይሠራም። ዓይን በቀላሉ ይለምዳል፣ ይታለላልም። ፊቱ ላይ ሰማያዊውን ብቻ የሚያሳይ ቁልፍ አለ። የቀለም ባር ሰጥታችሁ ስትጫኑት ቀይና አረንጓዴ ይጠፋሉ። ከስምንቱ ባሮች ውስጥ ሰማያዊ ያለባቸው አራቱ ናቸው፤ ነጩ፣ ውኃ ሰማያዊው፣ ማጀንታውና ራሱ ሰማያዊው። አንድ እየዘለሉ ይበራሉ። ነጩም እንደሌሎቹ 75 በመቶ የሆነበትን ባር ከተጠቀማችሁ፣ አራቱ እኩል እስኪበሩ የቀለሙን ቁልፍ ታዞራላችሁ። እኩል ሲሆኑ ትተዋላችሁ። በቃ። ከዚያ በኋላ የሚያምር ፊት ለማግኘት አንድ ነጥብ መጨመር ቢያምራችሁም እጃችሁን ሰብስቡ። እጄን የሰበሰብኩት በብዙ ትግል ነው።

አሁን የካሴት ማጫወቻው በቢኤንሲ ገመድ ወደ ሞኒተሩ ይገባል፤ ከሞኒተሩ የጀርባ መውጫ ደግሞ ወደ ኮምፒውተሩ መገልበጫ ይሄዳል። የሚያልፈውን ሁሉ ሞኒተሩ ላይ አየዋለሁ። አንደርስካን የሚባለውን ቁልፍ ስጫን ምስሉ ይጠብና ጠርዙ በሙሉ ይወጣል። ቴሌቪዥን ሠላሳ ዓመት የደበቀው ጠርዝ ነው። ከታች የማጫወቻው ሄድ፣ ካሴቱን የሚያነበው ክፍል፣ ሲቀያየር የሚተወው የተቀደደ መስመር አለ። እሱ ያለ ነው። የአክስቴ ልጅ ሰርግ ላይ ግን በስተግራ ጠርዝ አንድ ልጅ አገኘሁ። ክንዱ ላይ ገመድ ጠቅልሎ፣ በሌላ እጁ መብራት ይዞ፣ ጥርሱን ነክሶ ቆሟል። የመብራቱ ሙቀት ፊቱን አልቦታል። ሙሽሮቹ ኬክ ሲቆርሱ ዓይኑ ኬኩ ላይ ነው። ይህን ካሴት ቤተሰቡ ስንቴ አይቶታል። ልጁን ያየው የለም።

ጋሼ እንዲያዩት ጋበዝኳቸው። አሁን የሚኖሩት ልጃቸው ጋ ነው፤ መንገዱ ሩቅ ቢሆንም መጡ። የራሳቸውን ካሴት ይዘው ነው የመጡት፤ ከቀረጿቸው የመጀመሪያዎቹ አንዱ። ቡና እየተፈላ ከፈትንላቸው። ሞኒተሩ ላይ ሙሽራዋ ከመኪና ወረደች። ቬሎዋ ሰማያዊ ነው። ነጭ አይደለም፣ ጥርት ያለ ሰማያዊ።

"አላስተካከልከውም" አሉኝ።

የቀለም ባሩን ከፍቼ አሳየኋቸው። ሰማያዊውን ቁልፍ ተጫንኩ። አራቱም እኩል ናቸው። ጋሼ ባሩን አዩ፣ ዝም አሉ፣ ካሴቱን መልሰው እንድከፍተው አደረጉ። ቬሎው አሁንም ሰማያዊ ነው።

"ዋይት ባላንሱ ነው" አሉ በመጨረሻ፤ ካሜራው እንደ ብርሃኑ ዓይነት ነጭን ነጭ አድርጎ እንዲያይ የሚስተካከልበትን ማለታቸው ነው። "ከቤት ወጥተን ውጭ ስንቀርጽ አልቀየረውም። ረዳቴን ያኔም ነግሬዋለሁ! እሱ ግን ቴሌቪዥኑ ነው ብሎ ድርቅ አለ።"

ቬሎውን ኮምፒውተሩ ላይ ነጭ ላድርግልዎት ወይ ስላቸው እሺ አሉኝ፤ ያልተነካው ቅጂ ግን አብሮ እንዲሰጣቸው ጠየቁ። ሁለቱንም ፍላሽ ላይ አድርጌ ሰጠኋቸው። ሞኒተሩ የጎደለው አሁን አንድ ነገር ነው፤ ከስክሪኑ ስር ካሉት ማዞሪያዎች የአንዱ ቆብ የለም። ጋሼ የገመድ ካርቶናቸው ውስጥ ሳይኖር አይቀርም ብለው፣ ልጃቸው ቤት አልጋ ስር ሊፈልጉልኝ ሄደዋል።